ሹመት፣ ሙያና የሰው መሳካት

ሽማግሌዎች ሕፃን ልጅን ሲመርቁ የሚናገሩት ቃል፣ አንድ ሕዝብ ስለ ሰው መሳካት ያለውን አሳብ ከብዙ መጻሕፍት ይልቅ አጥርቶ ያሳያል። «እደግ፣ ተመንደግ» ይላሉ፤ «ለወግ ለማዕረግ ያብቃህ» ይላሉ፤ በመጨረሻም «ሰው ያድርግህ» ብለው ይፈጽማሉ። ሦስቱ ምርቃቶች ባንድ ትንፋሽ ስለሚነገሩ አንድ ነገር ይመስላሉ እንጂ በመሠረቱ ሦስት የተለያዩ መለኪያዎች ናቸው። የመጀመሪያው መብዛትንና መበልጸግን፣ ሁለተኛው በሰው ፊት መክበርን ይመኛል። እነዚህን ሁለቱን ጎረቤት ቆጥሮ ሊያውቃቸው ይችላል። ሦስተኛው ግን ሰው ሆኖ የተወለደውን ልጅ መልሶ «ሰው ያድርግህ» የሚል በመሆኑ በምን እንደሚለካ አይገልጽም።

በሙያው ለሚተዳደር ሰው ይህ ያልተገለጸ መለኪያ የዕለት ጥያቄ ነው። የሥራ ዕድገት፣ ደመወዝ፣ ሽልማትና ወንበር በአንድ ወገን ይቆማሉ፤ ሥራው ራሱ ደግሞ በሌላ ወገን። ሁለቱ ወገኖች አንዳንድ ጊዜ ይስማማሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን ይለያያሉ። ሲለያዩ ምን እንደሚሆን ለመረዳት ከዚህ በታች የሦስት ኢትዮጵያውያን ሕይወት ይመረመራል። አንዱ ሐኪም፣ ሁለተኛው የመንግሥትና የንግድ ጉዳዮች ጸሐፊ፣ ሦስተኛው የሳይንስ ተመራማሪ ነበሩ። አስቀድሞ ግን ሦስቱም ሲወለዱ ያገኙትን ሚዛን መመልከት ያስፈልጋል። በጽሑፉ ውስጥ ዓ.ም. የተባለው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሆን፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጠቀሰው እ.ኤ.አ. ተብሎ ተለይቷል።

ከላይ የሚሰጥ ክብርና ከባልንጀራ የሚገኝ ምስክርነት

በቀድሞው የደጋው አገር ሥርዓት አንድ ሰው ከባላገርነት ወደ መኳንንት ተርታ የሚሻገርበት ዋናው መንገድ ሹመት ነበር። ርስት ከአባትና ከእናት በትውልድ ይገኛል፤ ጉልት ግን ብዙውን ጊዜ ንጉሥ ወይም ገዢ ለአገልጋዩ የሚሰጠው የግብር መብት በመሆኑ የሰጠው እጅ መልሶ ሊወስደው ይችላል። ዛሬ የተሾመ ነገ ይሻራል፤ ዛሬ የተሻረ ደጅ ጠንቶ ከርሞ ይሾማል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የተባለው ተረት የተወለደው ከዚህ ሥርዓት ነው። ተረቱ ዘወትር የሹማምንትን ስግብግብነት ለማሳየት ይጠቀሳል። ይሁን እንጂ ከሥሩ ሌላም ነገር ይናገራል፤ ይኸውም ተሿሚው ክብሩ የራሱ እንዳልሆነ ማወቁን ነው። በሹመት የተሳካለት ሰው መሳካቱን የያዘው በአደራ እንጂ በእጁ አልነበረም።

በዚያው ዘመንና በዚያው አገር ግን ሌላ ሚዛን ነበረ። ከመንደሩ ወጥቶ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳውን ይዞ ከደብር ወደ ደብር የሚዞረው የቆሎ ተማሪ በንባብ ቤት ጀምሮ በዜማ ቤት፣ በቅኔ ቤትና በመጻሕፍት ቤት ብዙ ዓመታት ያሳልፋል። ድጓ የተማረው ወደ ጋይንት ቤተልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት የተማረው ወደ ዙር አባ ሄዶ ያስመሰክራል። «ማስመስከር» የሚለው ቃል በጥሞና ሊታይ የሚገባው ነው። ተማሪው መምህር የሚባለው ጌታ ስለ ወደደው ሳይሆን፣ ያንኑ ትምህርት የሚያውቁ ሰዎች ሰምተውና መርምረው ስለ መሰከሩለት ነው። ከዚያ በኋላ ጉባኤ ዘርግቶ ሌሎችን ያስተምራል። ሹመት ሊሻር ይችላል፤ የተመሰከረ ዕውቀት ግን በሰው ላይ እንዳለ ይቀራል፤ ከሱም ወደ ደቀ መዝሙሩ ያልፋል።

ይሁንና ይህም ሚዛን ሁሉን አይመዝንም ነበር። ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ የሚሠራው፣ ቆዳ የሚያለፋው፣ ሸክላ የምትሠራው፣ ሸማ የሚሠራው ባለእጅ አገሩ ያለ እነሱ አርሶ መብላትና ለብሶ መውጣት የማይችል ሆኖ ሳለ፣ የሥራቸው ስም ስድብ ሆኖ ይነገርባቸው ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ባለእጆችን በሥራቸው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው፣ ልማዱ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደ ነበር ያስረዳል። «ሙያ በልብ ነው» የሚለው አነጋገር መታበይን የሚከለክል መልካም ምክር ነው፤ ነገር ግን ምስክር ላጣ ሙያተኛ መጽናኛም ሆኖ ማገልገሉ አይካድም። ሙያው በልቡ የቀረው አንዳንዱ ትሑት ስለ ሆነ ነው፤ አንዳንዱ ግን የሚመሰክርለት ስላልነበረ ነው።

ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ

በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. የመቅደላ አምባ ተይዞ ዐፄ ቴዎድሮስ ባረፉበት ጊዜ፣ ከወላጆቹ የተለየ ሦስት ዓመት ያህል የሆነው ሕፃን በእንግሊዝ ሠራዊት እጅ ገባ። አንድ መኮንን ወደ ሕንድ ወሰደው፤ ሌላ መኮንን ለትምህርቱ ረዳው፤ ቻርልስ ማርቲን የሚል ስምም ወጣለት። ልጁ በሚሲዮን ትምህርት ቤት አድጎ በላሆር የሕክምና ትምህርቱን በ1882 እ.ኤ.አ. ፈጸመ። በኋላም ወደ ስኮትላንድ ተሻግሮ ዕውቀቱን ካሻሻለ በኋላ በበርማ በእንግሊዝ መንግሥት ሐኪምነት ተቀጠረ።

በዚያ ዘመን በነበረው የእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ሚዛን ሲታይ የዚህ ሰው ታሪክ እዚህ ላይ ሊፈጸም ይችል ነበር። ከጦር ሜዳ የተገኘ ወላጅ አልባ ሕፃን፣ ዲፕሎማ ያለው፣ ደመወዝ የሚበላ፣ ጡረታ የሚጠብቅ ሐኪም ሆኗል። ከዚህ የበለጠ መሳካት ለእንደሱ ያለ ሰው ማንም አላሰበለትም። ነገር ግን የአድዋ ድል በ1888 ዓ.ም. በዓለም ከተሰማ በኋላ ዶክተር ማርቲን ወደ ተወለዱበት አገር የሚደርሱበትን መንገድ ይፈልጉ ጀመር። በ1899 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ሲገቡ የእናታቸውን ቋንቋ ረስተውት ነበር። ድንኳን ተክለው በሽተኞችን ማከም ጀመሩ። ወሬው በተሰማ ጊዜ የሴት አያታቸው መጥተው በሰውነታቸው ላይ በነበረው ጠባሳ ለዩዋቸው፤ ወርቅነህ የተባለ ስማቸውንም መለሱላቸው።

ታሪኩን የሚተርኩ ብዙዎች በዚህ ልብ በሚነካ ክፍል ላይ ያቆማሉ። ቀጣዩ ክፍል ግን ለባለሙያ የበለጠ የሚያስተምር ነው። ወርቅነህ ወዲያው ጓዛቸውን ጠቅልለው አገራቸው አልቀሩም። ወደ በርማ ሥራቸው ተመለሱ፤ ደግመው መጡ፤ ለእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው አዲስ አበባ ቆዩ፤ እንደገናም ወደ በርማ ሄዱ። ለዘለቄታው የተመለሱት በ1919 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ መንግሥት አገልግሎት በጡረታ ከተሰናበቱ በኋላ፣ ዕድሜያቸው ከኀምሳ ካለፈ በኋላ ነው። ሃያ ዓመት በሁለት አገሮች መካከል የኖሩበት ጊዜ የማመንታት ዘመን ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በሹም ሽር በሚተዳደር ቤተ መንግሥት አጠገብ፣ የዕለት እንጀራው ከሌላ ምንጭ የሚመጣለት ሰው ለመናገርም ለመሥራትም የተለየ ነጻነት እንደሚኖረው መዘንጋት አይገባም። የመጀመሪያው መሳካታቸው ለሁለተኛው መሠረት ሆነ።

ከዚያ በኋላ ያለው የሥራ ዝርዝር ለአንድ ሰው የሚበዛ ነው። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በበላይነት መሩ። ነጻ የወጡ ባሮች ልጆች የሚማሩበትን ትምህርት ቤት «የፍቅርና የአገልግሎት ማኅበር» በተባለው ድርጅታቸው አማካይነት አቋቋሙ። የጂኦግራፊ መጽሐፍ በአማርኛ አሳተሙ። የፍልውሃን ሥራና የመንገድ ሥራን ተቆጣጠሩ፤ በችሎት ተቀመጡ፤ ጨርጨርን አስተዳደሩ። ኢጣልያ ኢትዮጵያን በወረረችበት ዘመን ደግሞ በሎንዶን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ነበሩ። በአሮጌው ሚዛን ማዕረግም አላጡም፤ አዛዥ ተብለዋል። ይሁን እንጂ በሕዝብ አንደበት የጸናው ስማቸው «ሐኪም ወርቅነህ» ነው። ሁለቱ መጠሪያዎች አብረው በሚጻፉበት ጊዜ እንኳ፣ አንዱ ንጉሥ የሰጣቸው፣ ሌላው በሽተኞች የሰጧቸው መሆኑ ግልጽ ነው።

ዋጋውም ከባድ ነበር። በእንግሊዝ አገር ያስተማሯቸው ሁለት ልጆቻቸው ዮሴፍና ቢንያም ወደ አገራቸው ተመልሰው በጥቁር አንበሳ ማኅበር ከነበሩት ወጣት ምሁራን ጋር ተሰለፉ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ፋሽስቶች የተማሩ ኢትዮጵያውያንን መርጠው በፈጁበት ጊዜ ሁለቱም ተገደሉ። አባታቸው በዚያን ጊዜ በባሕር ማዶ ነበሩ። ዕውቀት የአገር ዕዳ እንዳለበት ያስተማሩ አባት ልጆቻቸው ትምህርቱን ተቀብለው ሞቱ። ሐኪም ወርቅነህ ከነጻነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1945 ዓ.ም. አረፉ። የኚህን ሰው ሕይወት «የተሳካ» ብሎ ለመጥራት የሚደፍር ሰው ይህን ሐዘን ከሚዛኑ ሊያወጣው አይችልም፤ «ያልተሳካ» የሚልም ፊደል የቆጠሩባቸውን ልጆች ሁሉ ሊያወጣ አይችልም።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ

ሐኪም ወርቅነህ ረጅም ዕድሜ አግኝተዋል። መሳካትን በዕድሜ ርዝመትና በሥራ ብዛት የሚለካ ሰው በገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ሕይወት ግን ይቸገራል። ገብረ ሕይወት በ1878 ዓ.ም. በአድዋ አካባቢ ተወለዱ። በልጅነታቸው በምጽዋ በኩል በመርከብ ወጥተው በአውሮፓ፣ በጀርመንኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ተማሩ። ተመልሰው በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አገለገሉ፤ በሱዳን በስደት ቆዩ፤ ከስደት ከተመለሱ በኋላ በምድር ባቡርና በድሬዳዋ ጉምሩክ ሥራ ተመደቡ። በ1911 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ ዕድሜያቸው ሠላሳ ሦስት ዓመት ገደማ ነበር።

በዚያን ዕለት የተዘጋ መዝገብ ቢመረመር የሚነበበው ይኸው ብቻ ነው፤ አንድ የጉምሩክ ሹም በወጣትነቱ ሞተ። ሀብት አላከማቹም፤ የጻፉትም ምክር በሥራ ላይ አልዋለም። በአሥመራ በታተመው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተባለው ጽሑፋቸው ግብር በልክ እንዲወሰን፣ የመንግሥት ገንዘብ ከንጉሡ ገንዘብ እንዲለይ፣ ሹማምንትም በደመወዝ እንዲተዳደሩ መክረው ነበር። ይህ የመጨረሻው አሳብ ከላይ በተጠቀሰው ተረት ላይ የተነሣ ክስ ነው ማለት ይቻላል። ሹሙ ደመወዝ ካለው ሲሻር የሚቆጨው ነገር ያንሳል፤ የሥራው መለኪያም የበላው ሳይሆን የሠራው ይሆናል።

ዋናው መጽሐፋቸው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የታተመው በ1916 ዓ.ም. ነው፤ ጸሐፊው ካረፉ ከአምስት ዓመት በኋላ። መጽሐፉ የሕዝብ ሀብት ምንጩ ወርቅና ብር ሳይሆን ዕውቀትና ሥራ መሆኑን፣ ዕውቀት የጎደለው ሕዝብ ዕውቀት ካለው ጋር ሲነግድ ብዙ ድካም ሰጥቶ ጥቂት እንደሚቀበል ያስረዳል። የጉምሩክ ሹሙ በየቀኑ የሚወጣውን ቡናና ቆዳ፣ የሚገባውንም የፋብሪካ ዕቃ ሲያይ የኖረ ሰው ነው፤ አሳቡ ከሥራው ገበታ ላይ የተነሣ እንጂ ከሌላ መጽሐፍ ብቻ የተቀዳ አይደለም። ከብዙ ዓሥርት ዓመታት በኋላ የኢኮኖሚ ሊቃውንት በደሀና በበለጸጉ አገሮች መካከል ያለውን ንግድ በዚሁ ዓይን መመርመር ሲጀምሩ፣ የገብረ ሕይወት ቀዳሚነት ታወቀ፤ መጽሐፉም በእንግሊዝኛ ተተረጎመ። እንግዲህ ምስክሮቹ የመጡት ባለሙያው ከሄደ በኋላ ነው። ከዚህ የምንማረው ነገር ቢኖር፣ መሳካት በማን እንደሚመዘን መጠየቅ ብቻውን እንደማይበቃና መቼ እንደሚመዘንም መጠየቅ እንደሚገባ ነው።

ዶክተር አክሊሉ ለማ

ሦስተኛው ሕይወት ለዘመናችን ቅርብ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን ፈጽመው በ1964 እ.ኤ.አ. ተመለሱ። በዚያው ዓመት ስለ ቢልሃርዝያ በሽታ ለማጥናት አድዋ በሄዱ ጊዜ፣ ሴቶች ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው የወንዝ ክፍል ብዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዝያ ትል ዕድገቱን የሚቀጥለው በወንዝ ቀንድ አውጣ ውስጥ አድሮ ነው፤ ከዚያም ወጥቶ ውሃ ውስጥ የቆመውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ቀንድ አውጣው ከጠፋ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ለዚሁ ሥራ ከውጭ የሚገባው ኬሚካል ለደሀ አገር ውድ ነበር፤ እንዶድ ግን በየአጥሩ ሥር ይበቅላል።

እንዶድ ልብስ እንደሚያነጻ የኢትዮጵያ ሴቶች ከጥንት ጀምሮ ያውቃሉ። የዶክተር አክሊሉ ድርሻ የሚታየውን ነገር አይቶ ሳያልፉ፣ መጠየቅና በሳይንስ ዘዴ ማስመስከር ነበር። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቁመው ምርምሩን ቀጠሉ። በአድዋ ለበርካታ ዓመታት በተደረገው ሙከራ በሽታው በተለይ በሕፃናት ዘንድ በግልጽ ቀነሰ። ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ ከልዩ ልዩ የእንዶድ ዝርያዎች መካከል ኃይለኛውንና ለእርሻ የሚስማማውን ለይተው አወጡ።

ከዚህ በኋላ የሚጠበቀው ነገር እንዶድ በየወንዙ ዳር በሥራ ላይ መዋሉ ነበር። ነገር ግን በደሀ አገር ቤተ ሙከራ የተገኘ ውጤት ብቻውን በቂ ሆኖ አልተገኘም። ዓለም አቀፍ ተቀባይነት ለማግኘት የመርዛማነት ምርመራው በታወቁ የውጭ ላቦራቶሪዎች፣ በውድ ዋጋ እንደገና መደረግ ነበረበት። ሁለት ዓሥርት ዓመታት በዚህ አለፉ። በ1989 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉና ዶክተር ለገሠ «አማራጭ ኖቤል» እየተባለ የሚጠራውን ዓለም አቀፍ ሽልማት በአንድነት ተቀበሉ። ጥቂት ቆይቶም በአሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የውሃ ቧንቧ የሚዘጋውን የዛጎል እንስሳ እንዶድ እንደሚገድለው ተረጋገጠ፤ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ አገልግሎት ፓተንት በመያዙ ዕውቀቱ የማን ነው የሚል ክርክር ተነሣ። ዶክተር አክሊሉ በ1997 እ.ኤ.አ. አረፉ። እንዶድ ተስፋ በተደረገበት ስፋት በሥራ ላይ አልዋለም፤ ቢልሃርዝያም ከአገራችን አልጠፋም።

በዚህ ታሪክ ላይ ሁለት ዓይነት ፍርድ መስጠት ይቻላል። ሽልማቱን የሚቆጥር ሰው ሥራው ተሳካ ይላል። ወንዙን የሚመለከት ሰው ደግሞ ገና አልተሳካም ይላል። ዶክተር አክሊሉ ራሳቸው ከሽልማቱ በኋላ ሥራውን አለመተዋቸው፣ ሁለተኛውን ሚዛን እንደ መረጡ ያስረዳል። የልብስ አጣቢዎቹ ሴቶች ስም ግን በየትኛውም መዝገብ አልተጻፈም። በአማርኛ «ባለሙያ» የሚለው ቃል ከጥንት ጀምሮ ለቤቷ ሥራ አዋቂ ለሆነች ሴት ይነገር ነበር፤ በአድዋ ወንዝ ዳር ግን ሙያቸው በልባቸው ለነበረው ለእነዚያ ሴቶች ከእነሱ ቀጥሎ የመጣ ሌላ ባለሙያ መሰከረላቸው።

ምስክር መሆን

ሦስቱ ሕይወቶች ሲነጻጸሩ በአንድ ዓይነት መለኪያ የማይገዙ መሆናቸው በግልጽ ይታያል። አንዱ ሹመትም ዕድሜም አግኝተው ልጆቻቸውን አጡ፤ ሁለተኛው ሁለቱንም ሳያገኙ አሳባቸው ኖረ፤ ሦስተኛው ክብር አግኝተው የፈለጉትን ውጤት በሙሉ ሳያዩ አለፉ። ሀብትን ወይም ማዕረግን ብቻ የሚቆጥር ሰው ከሦስቱ አንዱንም በትክክል ሊመዝን አይችልም።

የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር ግን አለ። የሦስቱም ሥራ ለሌላ ሰው እጅ የሚተላለፍ ነበር። የትምህርት ቤቱን ወንበር ሌላ መምህር ተቀመጠበት፤ መጽሐፉን ሌላ ሊቅ አነበበው፤ ሙከራውን ሌላ ተመራማሪ ደግሞ ሊያረጋግጠው ቻለ። ይህ መለኪያ አዲስ አይደለም። በጋይንትና በዙር አባ ይሠራበት የነበረው የማስመስከር ሥርዓት ከዚህ የተለየ አልነበረም፤ የሚያውቁት ይመረምራሉ፣ ይመሰክራሉ፣ የተመሰከረለትም ያስተምራል። ልዩነቱ አሮጌው ሥርዓት ከደጅ ያስቀራቸውን አንጥረኛን፣ ሸክላ ሠሪን፣ ልብስ አጣቢን ጭምር ማካተት የሚገባው መሆኑ ነው።

ከዚህ አንጻር ሲታይ የሙያ ማኅበር ተግባር ስብሰባ ከመጥራትና መዋጮ ከመሰብሰብ ያለፈ ነው። ሹመት ከላይ ይመጣል፤ ገንዘብ ከገበያ ይመጣል፤ ምስክርነት ግን ከባልንጀራ በቀር ከሌላ ሊመጣ አይችልም። የገብረ ሕይወትን መጽሐፍ በጊዜው መርምሮ የሚመሰክር ጉባኤ ቢኖር ኖሮ አገሩ ብዙ ዓመታት ባልጠበቀ ነበር። የእንዶድን ምርምር በአገር ውስጥ አረጋግጦ ዓለምን የሚያሳምን አቅም ቢኖር ኖሮ፣ ሁለት ዓሥርት ዓመታት በደጅ ጥናት ባላለፉ ነበር። ዛሬም በየክፍለ ሀገሩ፣ በየጤና ጣቢያው፣ በየትምህርት ቤቱና በየወርክሾፑ ሥራቸው ያልተመሰከረላቸው ባለሙያዎች እንዳሉ ማኅበርተኛ ሁሉ ያውቃል። እነሱን ፈልጎ ሥራቸውን መመርመርና መመስከር የሌላ የማንም ሳይሆን የሙያ ባልደረቦቻቸው ዕዳ ነው።

«ሰው ያድርግህ» ያሉት ሽማግሌዎች መለኪያውን ሳይገልጹ ያለፉት ረስተውት ላይሆን ይችላል። እድገቱንና ማዕረጉን ልጁ ራሱ ሮጦ ሊያገኘው ይችላል፤ ሰው መሆኑን ግን የሚነግሩት ሌሎች ናቸው።